ጋን ማጠን፣ በእንዶድ ማጠብ፣ ሳማ መቀቀል፦ የመስክ ቅጠል የድሮ ሙያ

ስለ አገር ቤት ቅጠል ሲነሳ ወሬው ሁሌም ከመጠጣት ነው የሚጀምረው። "ይሄ ለስኳር ፍቱን ነው፣ ያኛው ለደም ግፊት።" አንዱ በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ይመጣል፣ ሌላው ይጠጣል። ምን ያህል ጠጣህ ሲሉት "እንጃ፣ በግምት" ይላል።

እኔ ያደግኩበት ቤት ግን ቅጠል የሚታወቀው በሥራው ነበር። ይሄ ጋን ያጥባል። ያኛው ነጠላ ያነጣል። ያ ደግሞ ትንኝ ያባርራል። የሚጠጣው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ እሱም ጥቂት ነው። አያቴ መድኃኒት አዋቂ አልነበረችም። "ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ" ቢሏት ኖሮ ትቀየም ነበር። ባለሙያ ሴት ነበረች፣ በቃ። ስለዚህ እኔም በእሷ ቅደም ተከተል ልሂድ፦ መጀመሪያ የዕቃና የልብስ፣ ቀጥሎ የሚበላ፣ በመጨረሻ የሚጠጣና የሚሸተት። የማይነካውንም እነግራችኋለሁ።

ከመልቀም በፊት

የድሮ አዋቂዎች ረቡዕና ዓርብ ጎህ ሳይቀድ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ ነበር የሚለቅሙት። እኔ በዚህ አልከራከርም፣ ግን ለምታደርቁት ቅጠል ጠል ያለበት ሰዓት አይመችም። ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጤዛው ረግፎ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ጥሩ ሰዓት ነው።

ሁለት ቦታ አትልቀሙ። አንደኛው አውራ ጎዳና ዳር ነው፣ አቧራውና ጭሱ ቅጠሉ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ የስንዴና የጤፍ ማሳ ዳር። ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ሲረጭ ነፋሱ ወደ ድንበሩ ይወስደዋል፣ ድንበሩ ላይ ያለው ሳማና ዳማከሴም አብሮ ይቀምሳል። ባለማሳውን ጠይቁ። "መቼ ረጫችሁ?" ማለት ነውር የለውም።

ሌላው ነገር ስም ነው። አንድ ስም በየአገሩ ለተለያየ ተክል ይሰጣል። ጎጃም የሚሉትና ሸዋ የሚሉት ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ በስልክ ፎቶ አይታችሁ ሳይሆን፣ ተክሉን በሚያውቅ የሰፈሩ ሰው እጅ አስነክታችሁ ለዩ። እሹት፣ አሽትቱት። ሽታ ከስም ይበልጥ ይታመናል።

ጋን ማጠብና ማጠን፦ ግራዋና ጥንጁት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፣ ምክንያቱም የጠላ ጣዕም ግማሹ ያለው ጌሾው ላይ ሳይሆን ጋኑ ላይ ነው። ሸክላ ትንንሽ ቀዳዳ አለው። ያለፈው ጠላ እርሾ፣ የሆመጠጠው ሁሉ፣ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። በሳሙና ብታጥቡት ሳሙናውንም ይጠጣዋል፣ በሚቀጥለው በዓል እንግዳችሁ ኦሞ ኦሞ የሚል ጠላ ይጠጣል። ግራዋ ያለው ለዚህ ነው።

ሁለት ትልልቅ ጭብጥ እርጥብ የግራዋ ቅጠል ያዙ። ጋኑ ውስጥ ክተቱ፣ ትንሽ ውኃ ጨምሩ፣ ክንዳችሁን እስከ ትከሻ አስገብታችሁ እሹ። ውኃው አረንጓዴ ሆኖ አረፋ ያወጣል። ወገቡ ላይና ከአንገቱ ሥር ያለውን እጥፋት በደንብ ፈትጉ፣ የሚረሳው እሱ ነው። ድፉና አዲስ ቅጠል ይዛችሁ ድገሙት። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ግራዋ መራራ ነው፤ የመጨረሻውን ውኃ በጣታችሁ ቅመሱት፣ ከመረረ አልበቃውም። ሲጨርስ ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

አሁን ጭሱ። ገል ላይ የእሳት ፍም አድርጉ። በላዩ የደረቀ ጥንጁት ወይም የወይራ ፍልጥ ጣሉበት። ሲነድ እፍ ብላችሁ ነበልባሉን አጥፉት፣ እኛ የምንፈልገው ጭስ ነው። ከዚያ የጋኑን አፍ ጭሱ ላይ ድፉት። አፉ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ከተቀመጠ ፍሙ ይታፈንና ይጠፋል፤ ሦስት ትንንሽ ድንጋይ ከሥሩ አድርጉለትና አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ጀርባው በእጅ ሲነካ ሞቅ እስኪል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ተዉት።

አያቴ ጋኑን ስታነሳው የምታደርገውን አሁንም አየዋለሁ። አቃንታ ሳታስቀምጠው ፊቷን አፉ ውስጥ ቀብራ ትስበዋለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቀና ትላለች። "ደርሷል" ካለች ወዲያው የተዘጋጀውን ክዳን ትገጥማለች፣ ጭሱ ውስጡ እንዲያድር። ዝም ካለች ደግሞ ፍም ይጨመራል። እኔ ሳስነጥስ ትስቃለች።

ለወተት ዕቃም፣ ለእርጎ ቅልም እንዲሁ ነው፤ ለወተት ግን ወይራ ይሻላል፣ ጥንጁት ሽታው ይከብዳል። የፕላስቲክ በርሜል ያላችሁ አታጥኑት። ይቀልጣል፣ ጠረኑም ለሰው አይሆንም። ፍም ያለበትን ሥራ ደግሞ ደጅ ሥሩት፣ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

የተረፈውን ጥንጁት አትጣሉት። ማታ ደጃፍ ላይ ትንሽ አጭሱ፣ ትንኝ አይጠጋም።

እንዶድ፦ ነጭ ልብስ ለማንጣት

እንዶድ በየአጥሩና በየቁጥቋጦው ላይ የሚሳብ ሐረግ ነገር ነው። የምንፈልገው ፍሬውን ነው። ሳሙና ሳይመጣ ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእሱ ነበር፣ ሳሙና ከመጣም በኋላ ለጥበብ ልብስ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚመርጠው። ፈትልን አያደርቅም።

1. ፍሬውን ሞልቶ ግን ገና አረንጓዴ ሳለ ልቀሙ። ከቀላ በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል።
2. ጨርቅ ላይ በትናችሁ እስኪሰበር ድረስ አድርቁት።
3. ደጅ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በሻሽ አስራችሁ፣ ውቀጡት። ይህንን በቀልድ አትለፉት። እኔ አንዴ ወጥ ቤት ውስጥ ወቅጬ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳስነጥስ ዋልኩ፣ ዓይኔም ቀልቶ ዋለ።
4. ለአንድ ጋቢ ሁለት እፍኝ ዱቄት ይበቃል። ለብ ባለ ውኃ በጥብጡት፣ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ፣ ከዚያ በእጅ ምቱት። አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። በወንፊት አጥልሉት፣ አለዚያ ገለባው ፈትሉ ውስጥ ይሰካል።
5. ልብሱን ዘፍዝፋችሁ እሹ፣ ጋቢ ከሆነ በእግር እርገጡት። ሁለት ሦስቴ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ ስጡት። ቀለም ያለው ጥለት ካለ መጀመሪያ ጠርዙን ሞክሩ።

እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ለምን? ዓሣ ይገድላል። ይህ ነገር የታወቀበት መንገድ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ የብልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አገኘ። ልብሱን የሚያነጣው አረፋ ቀንድ አውጣውንም ይፈጀዋል ማለት ነው። ከዚያ ዓመታት የፈጀ ምርምር ሆነ፤ ንጥረ ነገሩ ራሱ በእሱ ስም "ለማቶክሲን" ተባለ፤ በ1989 ደግሞ ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወሰዱ። ያን ሁሉ ነገር የጀመረው ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ሙያ ነው፣ ይሄ አይረሳ።

ታዲያ ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መገመት አያቅትም። ድሮ ለኮሶ ትልም፣ ፅንስ ለማስወረድም ተብሎ ይጠጣ ነበር። ሰው ሞቶበታል። እንዶድ አይጠጣም፣ አይቀመስም፣ አራት ነጥብ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህንን ልብ በሉ። በየአጥሩ ሥር ግንዱ ቀላ ብሎ ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠል፣ ሲበስል ጥቁር ሐምራዊ የሚሆን አረም አለ፣ ፖክዊድ ይሉታል። የእንዶድ የቅርብ ዘመድ ነው። ልጆች ወይን መስሏቸው እንዳይበሉት።

እንሶስላ፣ በአጭሩ

ጅረት ዳር፣ ጥላ ባለበት እርጥብ ቦታ ይበቅላል። አበባው ነጭ ነው፣ ሥራው ግን ያለው ሥሩ ላይ ነው። አንዱን ሥር ቆፍራችሁ ሌላውን ለከርሞ ተዉት። እጠቡ፣ ላጡ፣ ጨቅጭቁ። ለብ አድርጋችሁ መዳፍና ጣት ላይ ለጥፉ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሲፈታ ቀይ ነው። "እንሶስላ ሞቀች" የሚባለው ይሄ ነው፣ ለሠርግ፣ ለበዓል፣ አንዳንዴም እንዲሁ ደስ ሲል። የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይም ያደርጉት ነበር። ቁስል ካለ ግን ይቅርባችሁ።

ሳማ፦ ከአለንጋ ወደ ወጥ

ሳማን የማያውቅ ያገር ልጅ የለም። የእኔ ትውልድ መጀመሪያ የተዋወቀው በእግሩ ባት ነው፣ ያጠፋ ልጅ በሳማ ይለበለብ ነበር። አገራችን የሚበቅለው ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ የሌለ የራሱ ዓይነት ነው፣ ደጋ ይወዳል። ክረምት ላይ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ እህሉ ገና ሳይደርስ፣ ስንቱን ቤት ያሻገረው እሱ ነው። የድሃ ምግብ ነው ብሎ የሚያፍርበት ሰው አለ። እኔ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው፣ በደንብ የተሠራ የሳማ ወጥ ከጎመን ይጥማል።

የምትለቅሙት ጫፉን ነው፣ ከላይ ያሉትን አራት ስድስት ለጋ ቅጠሎች። አበባ ካወጣ ይሻክራልና ተዉት። ጓንት ከሌለ እጃችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁ፤ በድሮው መንገድ ከሆነ ሁለት እንጨት እንደ መቆንጠጫ ይዛችሁ ቁረጡ። ድስት ውስጥ ውኃ አፍሉ፣ የታጠበውን ቅጠል በማማሰያ እየገፋችሁ ክተቱት። ልክ ፈላው ሲነካው ይልፈሰፈሳል፣ ከዚያ በኋላ አይለበልብም። የሚለበልበው ቅጠሉ ላይ ያለው ቀጭን ፀጉር ነውና ሙቀት ሲያገኘው አቅም የለውም።

አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቀቅሉት። ውኃውን አትድፉ። በማማሰያ እየመታችሁ አድቅቁት፣ ከዚያ ትንሽ የገብስ ዱቄት ወይም ሽሮ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩና አማስሉ፣ እንዳይጓጉል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ቃሪያ። ፆም ካልሆነ ቂቤ ጠብ ይበልበት። ወፈር ሲል አውጡት። ትኩስ እንጀራ ላይ።

ለጨጓራ ይስማማል ይላሉ ሽማግሌዎች። እንደ ምግብ ስለሆነ የሚበላው ብዙ አላስጨንቅም፤ ይልቅ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለበት። አውሮፓ ያላችሁ የእናንተው ሳማ የዚህኛው ዘመድ ነው፣ በፀደይ ወራት ለጋው ሲወጣ ልክ እንዲሁ ይሠራል።

ጦስኝ

ወደ መንዝ ጓሳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሜዳው ሁሉ ሣር ነው፣ ሲረግጡት ግን ከእግር ሥር ሽታ ይነሳል። ጦስኝ ነው። የጓሳው ሣር ራሱ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ፣ ለዝናብ ገሳ ይሆን ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በፊት ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የድሮ የአጠባበቅ ሥርዓት አንዳንዴ ለዓመታት ዘግቶ ያሳርፈው ነበር። ማን እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚከፈት፣ ሁሉ በደንብ ነው። ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ ገብቶ መልቀም ሳይሆን ከሚሸጡት ሰዎች መግዛት ነው።

በራሳችሁ አካባቢ ካገኛችሁ በመቀስ ጫፉን ቁረጡ። ነቅላችሁ ከሥሩ ጋር ከወሰዳችሁት ለከርሞ የለም። ገበያ ላይም ሥር ያለበትን ጦስኝ አትግዙ፣ ነቅሎ የሚሸጠውን ታበረታታላችሁ። ጥላ ላይ ሳምንት አድርቁ። ፀሐይ ሽታውን ይወስደዋል። ሲደርቅ በመዳፍ አሽታችሁ ቅጠሉን ከእንጨቱ ለዩ።

ለሻይ፣ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ። የፈላ ውኃ አፍስሱበትና ክደኑት። ክዳኑ ወሳኝ ነው፣ ለሳል የምትፈልጉት ነገር ከእንፋሎቱ ጋር ነው የሚሄደው። አምስት ደቂቃ ቆይቶ አጥልሉ። ለደም ግፊት ብለው የሚጠጡት ብዙ ናቸው። ሻዩን ጠጡ፣ ኪኒኑን ግን በእሱ አትተኩት። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ሽሮና ወጥ ውስጥ ከምትገባዋ ቁንጥጫ አትለፉ።

ዳማከሴ፦ ምች ሲመታ

ዳማከሴ የሚሠራው እርጥቡ ነው። የደረቀው ለዚህ አይሆንም። ሁለት እፍኝ ቅጠል እጠቡ፣ መዳፍና መዳፍ መሃል አድርጋችሁ ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ እስኪወጣ እሹ። መጀመሪያ ይሸተታል፣ በረጅሙ። ቀጥሎ ግንባር፣ አንገት፣ ደረትና የእጅ አንጓ ይቀባል። ጥቂት ጠብታ ቡና ውስጥ ይደረጋል። ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ነው፣ ላብ እስኪያሰምጥ። ከንፈር ላይ የወጣችውንም ውኃ የቋጠረች ቁስል እየቀቡ ያሳድሯታል።

ዓይን ውስጥ የሚጨምቁ ሰዎች አይቻለሁ። አታድርጉት። ሕፃንንም አታጠጡ። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈው፣ ወይም ቆላ ወርዳችሁ ከነበረ፣ ያ ምች ላይሆን ይችላል፣ ወባ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደም አስመርመሩ።

የማይሞከረው

ኮሶ ዛፍ ነው፣ ግን ሳልጠቅሰው አላልፍም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር በየሁለት ወሩ አበባውን በጥብጦ ይጠጣ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን አይሠራም፣ እንግዳም አይቀበልም፣ እንዲያውም አንዳንዱ የማይፈልገውን እንግዳ የሚሸሽበት ሰበብ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ሳይቀር ይሸጡት ነበር። ከመጠን ካለፈ ግን ዓይን ያጠፋል። ዛሬ የኮሶ ትል ያለበት ሰው ከፋርማሲ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ኪኒን አለለት። የድሮው ሰው ሌላ ስላልነበረው ነው፣ እናንተ አላችሁ።

አቀማመጥ

የደረቀውን ሁሉ በመስታወት ዕቃ፣ ከብርሃን ራቅ አድርጉት። ጦስኝና ጥንጁት ዓመት ይቆያሉ፣ ሽታቸው ሲጠፋ ለውጡ። በእያንዳንዱ ላይ ስሙንና የተለቀመበትን ወር ጻፉ። እንዶድን ግን ጓዳ ውስጥ ጭራሽ አታስቀምጡት፣ ቦታው ሳሙናና በረኪና ካለበት ነው። እኛ ቤት አንድ ዓመት ምንም ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከቅመሙ ጋር ተቀምጦ አክስቴ ድስቱ ላይ ልትነሰንስ ከፈተችው። ክዳኑን እንዳነሳች ሰባት ጊዜ አከታትላ አስነጠሰችና ብልቃጡን አየት፣ እኔን አየት፣ ከዚያ ምንም ሳትናገር ደጅ ወስዳ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ አስቀመጠችው።